ሊንክ ተላከልኝ፤ ልግባ ወይስ ይቅርብኝ?

በዚህ ወር ጥያቄ የላኩልን አንባቢዎች አብዛኞቹ የሰሜን ሸዋ ሰዎች ናቸው። ከደብረ ብርሃን፣ ከሸዋ ሮቢት፣ ከመሐል ሜዳ፣ ከአረርቲ፣ ከአለም ከተማ፣ ከደብረ ሲና ጽፈውልናል። የሁሉም ጉዳይ አንድ ነው፤ የስልክ ግሩፕ። እድሩ ግሩፕ ከፍቷል፣ ትምህርት ቤቱ ከፍቷል፣ ሽንኩርት ነጋዴው ከፍቷል፣ አዲስ አበባ ያለው የአገር ልጅም ከፍቷል። መግባት ቀላል ነው፤ አንድ ጊዜ መንካት ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ከመንካት በፊት ያለው ነገር ነው፤ ስለዚህ ዛሬ አንዳንዱን ረዘም አድርጌ እመልሳለሁ። ደብዳቤዎቹን አሳጥሬያቸዋለሁ፣ ስምና ስልክ ቁጥርም አላወጣሁም።

«ደብረ ብርሃን ነው የምኖረው። 63 ዓመቴ ነው። የእድራችን ጸሐፊ ‹ከእንግዲህ የቀብርም የስብሰባም ጥሪ በቴሌግራም ነው፣ በዚህ ግቡ› ብሎ ሊንክ ላከልን። ልጄ አዲስ አበባ ነው፣ የሚያሳየኝ ሰው አጠገቤ የለም። ጎረቤቴ ደግሞ ‹ሊንክ ከነካሽ ባንክ ያለሽን ብር ሙልጭ አድርገው ይወስዱታል› አለችኝ። ፈራሁ። ባልገባ ደግሞ ቀብር ያመልጠኛል፣ ቅጣቱም አለ። ምን ይሻለኛል?»

እትዬ፣ ይግቡ። ቀብር ሊያመልጥዎ አይገባም። ግን ሊንኩን ከመንካትዎ በፊት ለጸሐፊው ይደውሉለት። «ይህን የላክኸው አንተ ነህ ወይ?» ይበሉት፣ አለቀ። ይህን የምለው ለእርስዎ ብቻ አይደለም፣ ለሁሉም አንባቢ ነው። ሊንክ አይታመንም፤ የሚታመነው የላከው ሰው ነው። ሰውየው ራሱ መሆኑን ደግሞ በድምፁ ነው የሚያውቁት፤ ስምና ፎቶ ማንም ሊለጥፍ ይችላል።

ጎረቤትዎ ያሉት ግማሹ እውነት ነው። እውነተኛ የቴሌግራም ግሩፕ ሊንክ ስለነኩት ብር አይወስድም። ሲነኩት ቴሌግራም ይከፈታል፣ የግሩፑ ስምና ፎቶ ይመጣል፣ ስንት አባል እንዳለው ያሳያል፣ ብዙ ጊዜም ከሚያውቋቸው ሰዎች ቀድመው የገቡ ካሉ ፎቷቸውን ያያሉ። ከታች «ጆይን» የሚል ቁልፍ አለ። እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ይበሉ። ስሙ የእድርዎ ነው? የአባላቱ ቁጥርስ ይመስላል? እድርዎ 120 አባል ብቻ ኖሮት ግሩፑ ውስጥ 9 ሺህ ሰው ካለ፣ ያ የእናንተ እድር አይደለም፣ ተመልሰው ይውጡ።

አደጋው የቴሌግራም መስሎ የሚመጣው ሌላው ሊንክ ነው። እሱን ሲነኩት ቴሌግራም አይከፈትም፤ ሌላ ገጽ ይከፈትና «ስልክ ቁጥርዎን ያስገቡ፣ ከዚያ የመጣልዎትን ኮድ ያስገቡ» ይልዎታል። ወዲያው ይዝጉት። ቴሌግራም ስልኩ ላይ እየሠራለት ያለ ሰው ግሩፕ ለመግባት ኮድ አይጠየቅም። በጭራሽ። እውነተኛው የግሩፕ ሊንክ፣ ከፊቱ «https://» ቢኖርም ባይኖርም፣ በእንግሊዝኛ ፊደል «ቲ» ብሎ፣ ነጥብ አድርጎ፣ «ኤም» እና «ኢ» ብሎ ነው የሚጀምረው። መነጽርዎን ያድርጉና አንድ በአንድ ይዩት፤ አንዲት ፊደል የተጨመረችበት ወይም የተቀየረችበት ከሆነ ሌላ ነገር ነው።

አንዳንድ ጊዜ «ጆይን» ሲሉ አያስገባዎትም፤ ጥያቄዎ ለአድሚኑ፣ ማለትም ግሩፑን ለሚመራው ሰው፣ እንደተላከ ይነግርዎታል። ይህ ጥሩ ምልክት ነው። የእድሩ ሰዎች ማን እንደሚገባ እያዩ ነው የሚያስገቡት ማለት ነው። እስኪቀበልዎት ይጠብቁ፣ ደጋግመው አይንኩት።

ከገቡ በኋላ ደግሞ ሁለት ነገር ይልመዱ። መጻፍ ካስቸገረዎ ከታች በስተቀኝ ያለችውን ማይክ ተጭነው ይዘው ይናገሩ፣ ጣትዎን ሲያነሱ ድምፅዎ ይሄዳል። ሳያስቡት የሄደ ነገር ካለ መልእክቱ ላይ ጣትዎን ትንሽ ያቆዩ፣ ማጥፊያ ይመጣል፣ ለሁሉም ይጥፋ የሚለውን ይምረጡ። ፊደሉ ካነሰብዎ ሴቲንግ ገብተው «ቻት ሴቲንግስ» ውስጥ ማተለቅ ይቻላል። ይህን ልጅዎ በበዓል ሲመጣ ያስተካክልልዎ።

አንድ ነገር ግን ለእድሩ ዳኞች አደራ ልበል። ጥሩምባው አይቅር። ግሩፑ ይጨመር እንጂ ጥሩምባውን አይተካው። እድሩ ውስጥ ቁልፍ ብቻ ያላት ስልክ የያዙ አባቶች አሉ፣ ጭራሽ ስልክ የሌላቸውም አሉ። ኔት ይጠፋል፣ መብራት ይጠፋል፣ ባትሪ ያልቃል። «ቴሌግራም ላይ ለጥፈናል» ተብሎ አንድ አባት ቀብር ስለቀሩ ቢቀጡ ትልቅ በደል ነው። እትዬ፣ በሚቀጥለው ስብሰባ ላይ ይህን እርስዎ ይናገሩት።

«የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። የዶርም ጓደኛዬ በቴሌግራም ‹የስኮላርሺፕ ግሩፕ ላስገባሽ ነው፣ ኮድ ይመጣልሻል፣ ስክሪንሾት አንስተሽ ላኪልኝ› አለችኝ። ላክሁላት። ለካ እሷ አይደለችም፣ የእሷንም ቀድመው ወስደውባታል። አሁን በእኔ ስም ለቤተሰቦቼ ‹ቸግሮኛል ብር ላኩልኝ› እየተባለ ነው። እናቴ ልትልክ ነበር። ምን ላድርግ?»

እህቴ፣ መጀመሪያ ለእናትሽ ደውዪ። ይህን እያነበብሽ ካልደወልሽ አሁኑኑ ደውዪ። ከዚያ ለወንድም፣ ለእህት፣ ለአክስት። በጽሑፍ ሳይሆን በድምፅ፣ ጽሑፍሽን አሁን ማንም አያምንም።

ቀጥሎ ቴሌግራምሽ በስልክሽ ላይ ገና የሚሠራ ከሆነ አትውጪበት፣ አታጥፊውም። ሴቲንግ ግቢ፣ «ዲቫይስስ» የሚለውን ክፈቺ። በአንቺ ስም የገባው ስልክና ኮምፒውተር ሁሉ እዚያ ተዘርዝሯል። የማታውቂው ስልክ ወይም የማታውቂው አገር ታያለሽ። ከራስሽ ስልክ በቀር ሁሉንም የሚያስወጣ ቀይ ጽሑፍ አለ፣ እሱን ንኪው። ፍጠኚ የምልሽ በምክንያት ነው። ቴሌግራም አዲስ የገባ መሣሪያ የቀድሞዎቹን ወዲያው እንዲያስወጣ አይፈቅድለትም፤ ሌባው ጥቂት ሰዓት መጠበቅ አለበት። ያቺ ሰዓት የአንቺ ናት። ካለፈች አንቺን ያስወጣሽና በሩን ከውስጥ ይቆልፋል።

ካስወጣሽው በኋላ «ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኩሪቲ» ውስጥ «ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽን» የሚለውን አብሪው። አንቺ ብቻ የምታውቂው የይለፍ ቃል ታወጫለሽ፣ ብትረሺው ማስመለሻ የሚሆን ኢሜይልም ታስገቢያለሽ። ከዚያ በኋላ ኮዱ በሌላ ሰው እጅ ቢገባ እንኳ ያለ ይለፍ ቃሉ መግባት አይችልም። የልደት ቀንሽን አታድርጊው።

እስካሁን አስወጥቶሽ ከሆነስ? በራስሽ ቁጥር እንደ አዲስ ግቢ፣ ኮዱ በኤስኤምኤስ ይምጣልሽ። ሲምሽ በእጅሽ እስካለ ድረስ ይህ መንገድ አለሽ። ሌባው ቀድሞ የራሱን ይለፍ ቃል ካስገባበት ግን ነገሩ ከባድ ነው፤ አካውንቱን ሰርዞ እንደ አዲስ ለመጀመር መጠየቅና ብዙ ጊዜ 7 ቀን መጠበቅ ሊኖርብሽ ይችላል፣ የድሮው መልእክትሽም አብሮ ይሄዳል። ያኔም ቢሆን ግሩፖችሽ ውስጥ ያሉ ሰዎች «ያ አካውንት የእሷ አይደለም» ብለው ሪፖርት እንዲያደርጉልሽ አድርጊ።

ስለ ኮዱ ደግሞ ለሌሎቻችሁም ልንገራችሁ። ያ 5 አሃዝ ቁጥር የሚመጣው አንድ ሰው በእናንተ ቁጥር ሊገባ ሲሞክር ብቻ ነው። ለስኮላርሺፕ አይመጣም፣ ለሽልማት አይመጣም፣ ለምርጫ «ልጄን ድምፅ ስጡልኝ» ለሚል ውድድር አይመጣም። ከኮዱ ጋር አብሮ የሚመጣው ጽሑፍም ለማንም አትስጡ ይላል፤ እኛ ግን ቁጥሯን ብቻ አይተን ጽሑፉን አናነበውም። ስክሪንሾት ላኪ ወይም በስልክ አንብቢልኝ ያለሽ ሰው ማንም ይሁን ማን፣ እህትሽም ትሁን፣ መልሱ አንድ ነው። እምቢ። ከዚያ ደውዪላት፤ ምናልባት እሷም እንደተሰረቀች የምትሰማው ከአንቺ ሊሆን ይችላል።

«ሸዋ ሮቢት አካባቢ ሽንኩርት አመርታለሁ። የዋጋ ግሩፕ ውስጥ ሳልጠየቅ ተጨመርኩ። እሱስ ጠቅሞኛል። ግን በሳምንት ውስጥ ሌሎች ብዙ ግሩፖች ውስጥ ራሴን አገኘሁት። አንዱ በዶላር ትሬዲንግ ሀብታም ሁኑ ይላል፣ አንዱ ላይ ደግሞ ልጆቼ ፊት የማይከፈት ነገር ይለጠፋል። ቁጥሬን ማን ሰጣቸው?»

ወንድሜ፣ ማንም ላይሰጣቸው ይችላል። ቴሌግራም ሲከፈት ጀምሮ ማንም ሰው ማንንም ግሩፕ ውስጥ መጨመር እንዲችል ሆኖ ነው የሚመጣው። አንድ ትልቅ ግሩፕ ውስጥ ከገባህ ደግሞ የአባላቱን ዝርዝር እያዩ በጅምላ የሚለቅሙ አሉ። መዝጊያው በአንተ እጅ ነው። ሴቲንግ፣ ከዚያ «ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኩሪቲ»፣ ከዚያ ስለ ግሩፕና ቻናል ግብዣ የሚለው መስመር። «ኤቭሪባዲ» ላይ ነው ያለው፣ «ማይ ኮንታክትስ» ላይ አድርገው። ከዚህ በኋላ የሚጨምርህ ስልክህ ላይ የመዘገብከው ሰው ብቻ ነው። እዚያው ገጽ ላይ «ፎን ነምበር» የሚልም አለ፤ እሱንም ቁጥርህን የሚያየው ማን እንደሆነ መርጠህ ዝጋው። ዋትስአፕ ላይ ግን ይህን አትጠብቅ፣ እዚያ ግሩፕ ስትገባ ቁጥርህ ለአባላቱ የሚታይ አድርገህ ቁጠረው።

ከማይረቡት ግሩፖች ስትወጣ ዝም ብለህ አትውጣ፤ በሚመጣው አማራጭ ሪፖርት አድርገህ ውጣ። የትሬዲንጉ ነገር ላይ አንድ ደቂቃም አታጥፋ። መጀመሪያ ትንሽ ብር አስገብተህ ትርፍ ያሳዩሃል፣ ቀጥሎ ብዙ አስገባ ይሉሃል፣ ልታወጣ ስትል ግብር ክፈል ይሉሃል።

አሁን ወደ ዋጋው ግሩፕ ልምጣ፣ ምክንያቱም ትልቁ ገንዘብህ ያለው እዚያ ነው። እንዲህ ያለ ግሩፕ ለአምራች በጣም ይጠቅማል። ድሮ ደላላው «አዲስ አበባ ወርዷል» ካለህ ማመን ነበር፤ ዛሬ ሃይሌ ጋርመንት ያለው የአትክልት ገበያ ጠዋት በስንት እንደዋለ ማሳው ላይ ቆመህ ታያለህ። ግን የተጻፈው ዋጋ ሁሉ ዋጋ አይደለም። ገዢ ሆኖ አሳንሶ የሚጽፍ አለ፣ ሻጭ ሆኖ ከፍ አድርጎ የሚጽፍ አለ። ሦስት ሰው ተመሳሳይ ዋጋ ቢጽፍም ሦስቱ አንድ ሰው ሊሆኑ ይችላሉ። ገበያ ውስጥ የምታውቀው አንድ ሰው ጋ ሳትደውል ሽንኩርት አትንቀል።

ደግሞ «አድሚኑ ራሱ ኢንቦክስ አድርጎኝ ቀብድ ላክ አለኝ» የሚል ብዙ ሰው ይጽፍልኛል። አድሚኑ አይደለም። የአድሚኑን ስምና ፎቶ ገልብጦ የመጣ ሰው ነው። ማረጋገጫው እንዲህ ነው። ግሩፑ ውስጥ ግባ፣ ስሙ አጠገብ አድሚን የሚል የተጻፈበትን እውነተኛውን ሰው መልእክት ፈልግ፣ ስሙን ንካና ወደ እሱ መልእክት መጻፊያ ሂድ። ያ ቀብድ የጠየቀህ ንግግር እዚያ ከሌለ፣ ባዶ ገጽ ከመጣልህ፣ ያናገርከው ሌላ ሰው ነው። ይህን ለጎረቤቶችህም አሳያቸው፣ አንድ ጊዜ ያየው ሰው አይረሳውም።

«አረርቲ ነኝ። የሦስት ግሩፕ አባል ብቻ ሆኜ የወር ፓኬጄ ሳምንት አይሞላውም። ስልኬም ሞላ ይላል።»

ግሩፑ ውስጥ የሚለጠፈውን ፎቶና ቪዲዮ ስልክህ ሳትነካው እያወረደው ነው። ሴቲንግ፣ «ዳታ ኤንድ ስቶሬጅ»፣ እዚያ በሞባይል ዳታ ጊዜ ራሱ እንዲያወርድ የሚፈቅደውን አጥፋው። ከዚያ በኋላ ፎቶው ደብዝዞ ይመጣል፣ የፈለግኸውን ብቻ ነክተህ ታወርዳለህ። ለሞላው ስልክ ደግሞ እዚያው «ስቶሬጅ ዩሴጅ» ገብተህ ካሹን (Cache)፣ ማለትም ስልክህ ላይ የተጠራቀመውን የወረደ ፎቶና ቪዲዮ፣ አጥፋው። አትፍራ፣ ቴሌግራም ላይ ያለው ነገር በራሱ በቴሌግራም ኮምፒውተሮች (ሰርቨር) ላይ ስለሚቀመጥ ስትፈልገው እንደገና ታወርደዋለህ። ዋትስአፕ ላይ ግን እንዲህ አይደለም፣ እዚያ ከስልክህ ያጠፋኸው ፎቶ ላይመለስ ይችላልና ለይተህ አጥፋ።

«መሐል ሜዳ አስተማሪ ነኝ። የ12ኛ ክፍል ተማሪዎቼ የፈተና መልስ ይሸጣል የሚል ቻናል ውስጥ እየገቡ ነው። ‹40 ሺህ ተከታይ አለው፣ ውሸት ሊሆን አይችልም› ይሉኛል። ምን ልበላቸው?»

መምህርት፣ ይህ ያንገበግበኛል፣ ምክንያቱም ብሩ የሚወጣው ከእናት መቀነት ነው።

መጀመሪያ ቻናልና ግሩፕ ምን እንደሚለያቸው ያስረዷቸው። ግሩፕ ውስጥ አባሉ ይነጋገራል፣ የተታለለ ሰው ካለ «ተታለልኩ» ብሎ ይጽፋል። ቻናል ላይ የሚጽፈው ባለቤቱ ብቻ ነው። ከስር ያለው ኮሜንት ከተዘጋ የተበላው ሰው ድምፅ አይሰማም። 40 ሺህ የሚለው ቁጥር ደግሞ በገንዘብ ይገዛል፤ ሮቦትም ይቆጠራል፣ ስሙ የተቀየረ የድሮ ቻናልም ይሸጣል። «አመሰግናለሁ፣ መልሱ ትክክል ነበር» የሚለውን ስክሪንሾት ማንም ልጅ በሁለት ስልክ ይሠራዋል።

ሌላው፣ ፈተናው ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ተማሪው ዩኒቨርሲቲ ገብቶ እንዲፈተን የተደረገው እኮ በስልክ የሚሰራጨው መልስና ኩረጃ ስላስቸገረ ነው። ስልክ ይዞ አይገባም። ታዲያ መልሱን ቢገዛስ ምን ሊያደርገው ነው? ይህን ጥያቄ ክፍል ውስጥ ጠይቋቸውና እነሱ ይመልሱ። ከዚያ እርስዎ የትምህርት ቤቱን የጥናት ግሩፕ ይክፈቱላቸው፤ የድሮ የፈተና ወረቀቶች ይለጠፉበት፣ ማታ ማታ አንድ ሰዓት ጥያቄ ይመለስበት። ልጆቹ ግሩፕ የሚፈልጉት ብቻቸውን ስለሚጨነቁ ነው። ደህና ግሩፕ ካገኙ ያንን ይተውታል።

«የአለም ከተማ ልጅ ነኝ፣ አዲስ አበባ እሠራለሁ። የተወላጆች ግሩፕ ከፍቼ አሁን ከ2 ሺህ በላይ ሰው ገብቷል። መጀመሪያ ላይ የናፍቆት ፎቶ፣ የሠርግ፣ የሐዘን ነበር። አሁን ስድብ በዛ። የማናውቀው ሰው ይገባል። ያልተረጋገጠ ወሬ ፎርዋርድ ይደረጋል። ለአንድ ታማሚ ገንዘብ ስናሰባስብ ደግሞ አንድ ሰው የራሱን አካውንት ቁጥር ለጥፎ ሰዎች ልከውለታል። ልዝጋው ወይስ ምን ላድርግ?»

ወንድሜ፣ አትዝጋው። 2 ሺህ የመርሐቤቴ ሰው አንድ ቦታ መሰብሰብ ቀላል ነገር አይደለም። የታመመ የሚታከመው፣ የሞተ የሚቀበረው፣ ሥራ የፈታ ልጅ ሥራ የሚያገኘው በእንዲህ ያለ መሰባሰብ ነው። ግን ብቻህን መምራት አትችልም፤ አንተ ስትተኛ ግሩፑ አይተኛም። ሦስት ወይም አራት አድሚን ጨምር። ሁሉም ጎረምሳ አይሁኑ። አንድ የሚከበሩ አባት፣ አንዲት እናት ይኑሩበት። ወጣት ሲቆጣ የሚባባስ ነገር፣ ጋሼ እገሌ በድምፅ «ልጆች፣ ተው እንጂ» ሲሉ ይበርዳል። ይህ በአገራችን ይሠራል፣ እንጠቀምበት።

ሰው የሚገባበትን መንገድ ቀይር። ለሁሉም ክፍት የሆነውን ሊንክ ሰርዘው። አዲስ ሊንክ አውጣና አድሚን ሳይቀበል ማንም እንዳይገባ አድርገው። የሚገባውም ሰው «የማን ልጅ ነህ? ከየትኛው ቀበሌ?» ተብሎ ይጠየቅ። አገር ቤት እንግዳ ሲመጣ እንዲህ ነው የምንጠይቀው፣ እዚህም ነውር የለውም። የአባላቱን ዝርዝር ከአድሚን በቀር ማንም እንዳያይ ማድረግም በትልልቅ ግሩፕ ላይ ይቻላል፣ ያንን አብራው፣ ከዝርዝሩ ሰው በጅምላ የሚለቅሙት ይቸገራሉ።

ለስድቡ ደግሞ «ስሎው ሞድ» የሚባል አለ። አንድ ሰው አንዴ ከጻፈ በኋላ አንተ የወሰንከው ጊዜ ሳያልፍ ደግሞ መጻፍ አይችልም። አምስት ደቂቃ አድርገው። ሰው በአምስት ደቂቃ ውስጥ ይበርዳል፣ የጻፈውንም መልሶ ያነበዋል። ተራ አባል ሊንክና ቪዲዮ እንዳይለጥፍ መከልከልም ትችላለህ። አድሚኖቹ ምን እንዳጠፉና ማንን እንዳስወጡ የሚያሳይ መዝገብ አለ፣ የ48 ሰዓቱን ያሳያል፤ «እኔን በቂም ነው ያስወጣኝ» የሚል ሲመጣ እሱን አይታችሁ ፍረዱ።

ፎርዋርድ የሚደረገው ወሬ ላይ ቀልድ የለም። በየቦታው ዘመድ ያለው ሰው ነው ግሩፑ ውስጥ ያለው፣ «እንዲህ ሆነ» የሚል አንድ የሐሰት ወሬ ሌሊቱን ሙሉ እናት ያስለቅሳል። ሕጉም አለ። የጥላቻ ንግግርንና የሐሰተኛ መረጃ ስርጭትን ለመከላከል የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 የጽሑፉን የመጀመሪያ ጸሐፊ ብቻ ሳይሆን የሚያሰራጨውንም ይመለከታል፤ ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው የማኅበራዊ ሚዲያ አካውንት ሲሆን ደግሞ የሐሰተኛ መረጃው ቅጣት ይከብዳል። ደንባችሁ አጭር ይሁን። ቦታው ላይ ያለ ሰው ደውሎ ካላረጋገጠ በቀር የአደጋ ወሬ አይለጠፍ። ይህን ጻፍና ከላይ ፒን አድርገው።

አሁን ገንዘቡ። ለታማሚ የሚሰበሰብ ገንዘብ በአንድ ሰው ስም አይሰብሰብ። ሦስት ሰው ኮሚቴ ይሁን፣ የባንክ ሒሳቡ በጋራ ፊርማ ይከፈት። ቁጥሩ ፒን ይደረግ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ በአድሚን ብቻ። በተራ መልእክት የመጣ የሒሳብ ቁጥር ሁሉ ወዲያው ይጥፋ። ቴሌግራም ላይ የተላከ መልእክት ተመልሶ ሊታረም እንደሚችልም አትርሱ፤ ጠዋት የነበረው ቁጥር ማታ ሌላ ሊሆን ይችላል፣ ሲታረም ከስር ምልክት ይወጣበታል። ስለዚህ የኮሚቴው አንድ ሰው ቁጥሩን በድምፅም አንብቦ ይላክ። ላኪውም በቴሌብርም ሆነ በባንክ መተግበሪያ ሲልክ የሚስጥር ቁጥሩን ከማስገባቱ በፊት የሚወጣውን የተቀባይ ስም ይይ፤ ስሙ ከተነገረው ካልገጠመ ያቁም። ምን ያህል እንደተሰበሰበ፣ ምን ያህል ለሐኪም ቤት እንደተከፈለ በየሳምንቱ ይለጠፍ፣ የታማሚው ፎቶና የሕክምና ወረቀት ግን አይለጠፍ። ሰው ቢቸገርም ገመናው ለ2 ሺህ ሰው አይበተንም። አንድ የሐኪም ደብዳቤ ኮሚቴው አይቶ «አረጋግጠናል» ቢል ይበቃል።

በተሳሳተው አካውንት ለላኩት ሰዎች፣ የላኩበትን ደረሰኝና የለጠፈውን ሰው ስክሪንሾት ይዘው ዛሬውኑ ወደ ባንካቸውና ወደ ፖሊስ ይሂዱ። መልእክቱን ከማጥፋታችሁ በፊት ስክሪንሾቱን አንሡ፣ ዩዘርኔሙ (በ@ የሚጀምረው ስሙ) እንዲታይ አድርጋችሁ።

«ደብረ ሲና ነው ያገባሁት። የባለቤቴ ቤተሰብ ግሩፕ ውስጥ አማቴ አስገቡኝ። ከንጋቱ 11 ሰዓት ጀምሮ እንዴት አደራችሁ፣ ምስል፣ ጸሎት፣ ድምፅ ይላካል። የማታ ፈረቃ ነው የምሠራው፣ እንቅልፌን አጣሁ። ብወጣ ይቀየሙኛል?»

ይቀየሙሻል። አትውጪ። ቴሌግራም ላይ ትንሽ ግሩፕ ከሆነ እገሊት ወጣች ብሎ ለሁሉም ይጽፋል፣ የቤተሰብ ግሩፕ ላይ ደግሞ ያ ጽሑፍ እስከ ፋሲካ ይወራበታል። ዋትስአፕ ከሆነ የምትወጪበት መልእክት ለአድሚኑ ብቻ ነው የሚታየው፣ ግን አድሚኗ አማትሽ ናቸው መሰለኝ።

የግሩፑን ስም ንኪና ድምፁን ዝጊው፣ ለሁልጊዜ የሚለውን ምረጪ። ድምፁን መዝጋትሽን ማንም አያውቅም። ከዚያ ለአማትሽ ራስሽ ንገሪያቸው፦ «እማዬ፣ ማታ ስለምሠራ ጠዋት ተኝቼ ነው የማላየው፣ አስቸኳይ ነገር ካለ ደውሉልኝ» በያቸው። ስትነሺ ከሰዓት ላይ አንድ ጊዜ ግቢና የእሳቸውን ድምፅ ሰምተሽ በድምፅ መልሺላቸው። የሌሎቹን ሁሉ ማየት የለብሽም።